የሐሙስ ሥጋ

በልብስ ስፌት ቤቱ ሰው ሁሉ እትዬ አዝራር ይላታል። ሥራዋ አዝራር መትከል ነው። የተማሪ ሸሚዝም ይሁን የሆስፒታል ጋዋን ወይም የዘበኛ ካፖርት፣ መጨረሻው እሷ ዘንድ ነው። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አዝራሩን ከጣሳ ውስጥ እየለቀመች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ትተክላለች። ለፍላፊ ናት ብሎ የሚያማት የለም። ከእሷ በኩል ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ጣሳው ሲንኳኳ ነው። ልቧ ግን ዝም ብሎ አያውቅም። በልቧ የማታማው ሰው የለም፤ ሁሉንም የምታማው ደግሞ በአንድ ነገር ነው፣ በሚያበስሉት።

እኩለ ቀን ላይ ትልቁ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ይጠረጋል። ቁርጥራጩ ጆንያ ውስጥ ይገባል፣ የምልክት ጠመኔው ይወለወላል፣ ከዚያ ሁሉም ምሳ ዕቃውን አምጥቶ መሀል ላይ ይከፍታል። እዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ፤ የራሱን የሚበላ የለም። የራስህን ወደ ሌላው ትገፋለህ፣ የሌላውን ወደ ራስህ ትስባለህ። ደንቡን ያወጡት የሁሉም ታላቅ የሆኑት ጨርቅ ቆራጩ ጋሽ መቀስ ናቸው ይባላል። የራሱን ብቻ መብላት የሚፈልግ ሰው ቤቱ ይቀመጥ፣ ይላሉ።

እትዬ አዝራር ደንቡን ትወደዋለች፤ ያመጣባትን ምግብ ግን እግዜር ይይላት። የልብስ ተኳሿ ድንች ላዩ ገንፎ፣ ውስጡ ጠጠር ነው፤ ድስቱን መክደን ኃጢአት ይመስላታል መሰለኝ። ከዘምዛሚዎቹ አንዷ ምስሯን ሳትለቅም ትቀቅላለች፣ ጥርስ የሚሰብር ድንጋይ ሲወጣ ደግሞ «ውይ፣ የዛሬ ምስር» ብላ ምስሩን ትወቅሳለች። ሌላዋ ሙያ ማለት ዘይት ማብዛት ይመስላታል፤ ጎመኗ ዋና የሚማር ይመስል በዘይት ላይ ይንሳፈፋል። እትዬ አዝራር ሁሉንም ትበላለች፣ ሁሉንም «እጅሽ ይባረክ» ትላለች፣ በልቧም ይህ እጅ ከሚባረክ ቢታሰር ይሻል ነበር ትላለች።

እሷን ያሳደገቻት አክስቷ ናት። አክስትየዋ ብዙ አፍና አንድ ድስት ነበራት፤ ለልጆቹም፣ ለእሷም፣ ለተከራዩም ከዚያችው አንድ ድስት ታወጣለች። ድሃ ሆኖ መጥፎ መብላት ሁለት ጊዜ መደኽየት ነው፣ የምትለው ነገር ነበራት። እትዬ አዝራር ከአክስቷ የወረሰችው ይህንን አባባልና ድስቱን ነው። ገበያ የምትሄደው ሊበተን ሲል፣ ነጋዴው ጓዙን መጠቅለል ሲጀምር ነው። ሰው የናቀውን የላላ ቲማቲም ለቅማ ትወስድና ውኃው እስኪመጥ፣ ቀለሙ እስኪጠቁር በትንሽ እሳት ታቆየዋለች። ሽንኩርቱን እንደ ፀጉር አቅጥና በደረቅ ድስት ከድና በገዛ ላቡ ታበስለዋለች፤ ዘይቱ የሚመጣው ኋላ ነው፣ እሱም በማንኪያ። ሌላው የሚጥለውን የጎመን ግንድ ስስ አድርጋ ትከትፈዋለች። የደረቀ ዳቦ አድቅቃ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ታምሰውና ባቄላው ላይ ትነሰንሰዋለች፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ክሽ ክሽ ይላል። ባሏ ሾፌር ነበር፤ ከመንገድ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ ያሸታል፣ ከዚያ ምንም ሳይናገር እጁን ይታጠባል። የምታውቀው ምስጋና ይህን ነው። እሱ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጇም አግብታ ሩቅ ሄዳለች።

ስለዚህ ማታ ማታ በአንዲት ክፍሏ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ግድግዳ እያየች ትበላለች። ግድግዳ ደግሞ ጨው በዛ ወይም አነሰ አይልም። የሰው ድምፅ እየሰማች የምትበላው ያቺን አንዲት ምሳ ነው። የመቁረጫው ጠረጴዛ ባይኖር ኖሮ ቤቷ ከነድስቷ ለምኗም አይሆን ነበር። ጋሽ መቀስም ዘወትር አስቀድመው የሚስቡት የእሷን ምሳ ዕቃ ነው፤ አንድም ቀን ጣፈጠ ብለው አያውቁም፣ ግን ይስባሉ። እሷ ይህንን እንደ ባሏ ዝምታ ቆጥራ ተደስታ ትኖር ነበር።

አዲሲቱ ተቆጣጣሪ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ወጣት ናት፤ ጫማዋ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል። ምሳ ዕቃዋ ሦስት ፎቅ ሲሆን ሦስቱም ፎቅ ሥጋ ነው። እትዬ አዝራር መጀመሪያ ቀን ቀምሳ፣ ሥጋው ከበሬው ላይ ሲወጣ በሬው የሰማ አይመስልም፣ ብላ በልቧ አማችው፤ ጥሬ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ግን ሁሉም እጅ ወደ ሦስቱ ፎቅ ዘመተ። ያን ቀን በልቧ ስም አወጣችላት፤ ወይዘሮ ጮማ።

ወይዘሮ ጮማ ብዙም ሳትቆይ ሐሳብ አመጣች። ሐሙስ ሐሙስ ሁሉም ሥጋ ያምጣ፤ ሰው ለፍቶ ለፍቶ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ይብላ፣ አለች። እስከዚያ ቀን እንደ ምን ሲበሉ እንደኖሩ የጠየቃት የለም። ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ተስማማ። ያልቻለ ደግሞ ግዴታ የለበትም፣ እንዳይሳቀቅ የዚያን ቀን ለብቻው ቢበላ ማንም አይቀየመውም፣ ብላ ጨመረች። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት ይህ ነው። ጋሽ መቀስ ይቃወማሉ ብላ ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው በመቀሳቸው ጫፍ ጥፍራቸውን ያጸዱ ነበር።

በመጀመሪያው ሐሙስ እትዬ አዝራር የመጣባት ይምጣ ብላ ባቄላ ይዛ ሄደች። ከዋዜማው ማለዳ አንስታ የዘፈዘፈችው፣ ልጣጩ ተልጦ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ባቄላ ነበር። ከፈተችና እንደ ደንቡ ወደ መሀል ገፋችው። ዙሪያውን በሙሉ ሥጋ ነው፤ ያረረ አለ፣ ጥሬ አለ፣ በዘይት የተዘፈቀ አለ። ባቄላውን የሳበው የለም። ጋሽ መቀስ እጃቸውን ወደዚያ ሰደድ አድርገው ወይዘሮ ጮማ ስታያቸው ጉዞውን ወደ አጥንት አዞሩት። ምሳ ዕቃው ሙሉውን ወደ ቤት ተመለሰ። ባዶ ምሳ ዕቃ በመንገድ ላይ ማንኪያው እየተንኳኳ አብሯት ያወራ ነበር፤ ሙሉው ግን ዝም አላት። በሚቀጥለው ሐሙስ ወይ ሥጋ ታመጣለች፣ ወይ ከጠረጴዛው ትነሳለች። ዛሬ በሐሙስ የተነሳች ነገ በዓርብም በሰኞም እንደምትነሳ ደግሞ ታውቃለች፤ ሰው የለመደው ወንበር ባዶ ሲሆን ቶሎ ይለምደዋል።

ለራሷ የምትገዛው አጥንት ነው፣ ሲደላት ቅልጥም። እሱን ከሥራ እንደገባች ትጥድና ልብስ አጥባ፣ ቤት ጠርጋ፣ ተኝታ ትንሽ አሸልባ ስትነሳ መረቁ ጣት ላይ ይጣበቃል። በዚያ ሳምንት ግን ሥጋ ቤት ገብታ ለክረምት ጫማ ያስቀመጠችውን ብር አወጣችና ከሁሉ የሚሻለውን ስጠኝ አለች። ባለ ሥጋ ቤቱ ሽንጥ ቆረጠላት፤ ቀይ፣ ስብ የሌለው፣ እንደ ሐር ጨርቅ የሚያብረቀርቅ ነበር። ሲጠቀልልላት፣ «እትዬ፣ ይሄ ብዙ እሳት አይወድም። ነካ ነካ አድርገው ያውርዱት» አላት።

እትዬ አዝራር ፈገግ ብላ ተቀበለችው። በልቧ ግን፣ ቢላ ስለያዘ ድስትም የያዘ መሰለው፣ አለች። ድንጋይ የመሰለ ቅልጥም ቅቤ የምታደርግ ሴት ለስላሳ ሥጋ እንዴት እንደሚበስል ከሥጋ ሻጭ ልትማር ነው? አጥንቱ ያን ያህል ካማረ ይህ ምን ሊሆን ነው ብላ፣ እንደ አጥንቱ በትንሽ እሳት ጣደችው። ልብሷን አጠበች፣ ቤቷን ጠረገች፣ እንደ ልማዷ ጋደም አለች። ስትነሳ ድስቱን ከፈተችና ሹካ ሰደደች። ሹካው አልገባም። አንዱን አውጥታ አኘከችው፤ ስታኝከው ተተረተረ፣ ግን አልተበጠሰም። ሥጋው ገመድ ሆኗል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ የተባለው ለእሷ ነው። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ድስቱን አየችው፤ ከአክስቷ ከወረሰችው ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር አብስሎ አያውቅም። የማታውቀውን አለማወቋ አላናደዳትም። ያናደዳት የነገሯትን አለመስማቷ ነው።

ሌላ የሚተካው ስለሌለ ይዛው ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ስትከፍተው ፊቷ ጋለ፤ ዛሬ ጉዴ ፈላ ብላ ዓይኗን ጣሳዋ ላይ ተከለች። እጆች ሁሉ ወደ እሷ ምሳ ዕቃ መጡ። ከዚያ ማኘክ ተጀመረ። ለረጅም ጊዜ የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ ማን አፍ አለው? የልብስ ተኳሿ አገጭ እንደ ስፌት መኪና ይመታል። ጋሽ መቀስ አንዱን ጉንጫቸው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሱት ቆዩና፣ አፋቸውን የሚጠርጉ መስለው በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልለው ጆንያው ውስጥ ከተቱት። እትዬ አዝራር አየቻቸው። አሁን ይፈርዱብኛል ብላ ጠበቀች።

መጀመሪያ የዋጠችው ወይዘሮ ጮማ ናት። «ገና ዛሬ ሙያዎ ታየ፣ እትዬ» አለች። «ይህን እጅ ይዘው ነው በባቄላ ሲደብቁን የኖሩት?»

ሌሎቹም ተቀበሏት። አንዷ እንዲህ ያለ ሥጋ ሠርግ ላይ እንኳ አልበላሁም አለች። ዘይት የምታበዛው፣ እንዴት እንዳበሰለችው እንድታሳያት ለመነቻት። ጋሽ መቀስ እንኳ፣ ያንን ሁሉ ዓመት ዝም ብለው የሳቡት ጋሽ መቀስ፣ ጥርሳቸውን በምላሳቸው እየጎረጎሩ «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሏት። ወይዘሮ ጮማ ከእንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከጎኔ ነው የሚቀመጡት ብላ ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አዝራር አንድ ሙሉ ሸሚዝ ላይ አዝራሩን በግልባጭ ተከለች። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ስንት ባቄላ፣ ስንት ምስር፣ ስንት የጎመን ግንድ እነዚህ አፎች ውስጥ እንደገባ አሰበች። ለካ ምላስ አልነበራቸውም። ለካ ጋሽ መቀስ የእሷን ምሳ ዕቃ የሚስቡት ለጥርሳቸው ስለሚለሰልስ ነው። ያ ደግሞ ከሁሉ በላይ አንጀቷን አቃጠለው።

በሦስተኛው ሐሙስ ጎመንና ድንች ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ሲጠረግ አልተነሳችም፤ መስኮቷ ሥር እንደተቀመጠች ምሳ ዕቃዋን ጭኗ ላይ ከፈተች። ወይዘሮ ጮማ ወንበሩን መታ መታ እያደረገች ጠራቻት።

«ዛሬ ሥጋ አላመጣሁም» አለች እትዬ አዝራር።

«አይ፣ እርስዎማ እንዲሁ ይምጡ። ያለፈው ሐሙስ ለወር ይበቃል።»

እትዬ አዝራር ማንኪያዋን አስቀመጠች። ድምፅዋ ትንሽ ስለሆነ መኪናዎቹ ቢሠሩ ኖሮ አይሰማም ነበር። «ያለፈው ሐሙስ ያመጣሁት ገመድ ነው» አለች። «አበላሽቼው፣ መበላሸቱን እያወቅኩ ነው ያመጣሁት። እናንተም አኝካችሁታል፣ ታውቃላችሁ። ጋሼ ጆንያው ውስጥ ከተውታል። ባቄላዬን ያልነካ ሰው ገመዴን አመሰገነልኝ። እኔ ከእንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ እዚሁ ነኝ።»

ልብስ ተኳሿ አፏን ይዛ ሳቀች፤ መንጋጋዋ እስከ ቅዳሜ እንዳመማት ነገረቻቸው። ጋሽ መቀስ መቀሳቸውን ፈልገው አጡት፣ እጃቸው ላይ ነበር። ወይዘሮ ጮማ ቀልተው የማያውቁት ጉንጮቿ ቀሉ፤ እንደ ወደዱ አለችና ሦስቱን ፎቅ መክፈት ጀመረች። ወደ እትዬ አዝራር የመጣ ሰው የለም። እሷም አልጠበቀችም። የራሷን ጎመን በማንኪያ አንስታ ቀመሰች። ቤት በትኩሱ እንጂ እዚህ፣ ቀዝቅዞ፣ እኩለ ቀን ላይ በልታው አታውቅም። ጨው አንሶታል። ሲቀዘቅዝ ጨው ይጠፋበታል። ይህንን ሁሉ ዓመት ሰዎቹ ጨው ያነሰው ጎመን በልተው ዝም ብለዋል። እነሱንም ራሷንም እኩል አማቻቸው።

በሌላው ቀን ሁሉ እንደ በፊቱ ጠረጴዛው ላይ ትቀመጣለች፤ ያባረራት የለም፣ የለመናትም የለም። ሐሙስ ግን መስኮቷ ሥር ነች። እንዲህ ጥቂት ሳምንት አለፈና አንድ ሐሙስ ልብስ ተኳሿ በርጩማዋን እየጎተተች መጣች። ሥጋ መግዛት እንደሰለቻት፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ማኘክ እንደሰለቻት ተናገረችና ሁለት የተቀቀለ እንቁላል አወጣች። አንዱን ልጣ ለእትዬ አዝራር ሰጠቻት፣ የእትዬ አዝራርን ምስር ደግሞ ሳትጠይቅ ወደ ራሷ ሳበችው።

እትዬ አዝራር እንቁላሉን ከፈል አድርጋ አየችው። ያለ ልክ ተቀቅሎ አስኳሉ ዙሪያውን አረንጓዴ ሆኗል፤ እንቁላል እንኳ የምታበላሽ ሴት፣ አለች በልቧ።

«ጨው ይዘሻል?» አለቻት።

ልብስ ተኳሿ ከቀሚሷ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ጨው አወጣችላት። እትዬ አዝራር ነሰነሰችበትና በላችው።