ስንቅ የሌለው ጦር

ፒያሳ ያለው አርመን ባለሱቅ ሳጥኑን ከላይኛው መደርደሪያ ባወረደልኝ ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቀኝ ነበር። «ለልጅህ ነው?» እኔም ሁልጊዜ «አዎ» እለው ነበር። ልጅ አልነበረኝም። ሚስትም አልነበረኝም። ሰበታ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ የምኖር፣ የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት የምጠብቅ፣ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ሰው ነበርኩ። ለራሴ ነው ብለው እንዴት እንደሚያየኝ አውቃለሁ። ስለዚህ የሌለ ልጄ ሦስት ዓመት ሙሉ መጫወቻ ሲገዛለት ኖረ።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ወታደር ነው፤ ቁመቱ ከአንድ ጣት አይበልጥም። የድሮ ዘመን የፈረንጅ ጦር ነው። ተገጣጥሞ አይመጣም፤ ጭንቅላቱም፣ ክንዱም፣ እግሩም፣ ጠመንጃውም ከአንድ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተንጠልጥለው ነው የሚመጡት። በምላጭ ትቆርጣለህ፣ በሞረድ ታለሰልሳለህ፣ በማጣበቂያ ትገጥማለህ። ሳጥኑ ላይ እንደተሳለው ከገጠምከው ፈረንጅ ይወጣልሃል። እኔና ወዳጄ ግን ፈረንጅ አንፈልግም ነበር። የአንዱን ጭንቅላት ለሌላው እየሰጠን፣ ቦት ጫማውን ሞርደን ባዶ እግር እያደረግን፣ በሲጋራ ወረቀት ኩታ እያለበስን፣ የራሳችንን ሰዎች እናወጣ ነበር።

ወዳጄ ሱሉልታ ድሬሰር ነው፤ ቁስል ሲያጥብና መርፌ ሲወጋ የሚውል። ለዚህ ሥራ የተፈጠረ እጅ አለው። ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ከእንጦጦ ማዶ፣ እኔ ከጅማ መንገድ በአውቶቡስ መጥተን ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት እንገናኛለን፤ ትርፍ እጅና ትርፍ እግር እንለዋወጣለን። አንድ ቀን በክብሪት ሳጥን ያመጣልኝን ጭንቅላት ሁሉ ሳሕን ላይ ዘርግፌ ስመርጥ አስተናጋጇ «በስመ አብ!» ብላ ሻዩን ደፋችው። እሱ ፈገግ ሳይል «አይዞሽ፣ አንዱም አላመመው» አላት። ከዚያ ወዲያ ሻይ የሚያመጣልን ሌላ ሰው ሆነ።

የኛ ዓይነት ሰው ከሳጥን የሚፈልገው ብዙ አይደለም። የሳጥኑ ሠሪዎች ግን ወይ ፍንክች! አንገት ለብቻው ይሁን እንላለን። አንዳንዱ ሳጥን ጭንቅላቱን ከደረቱ ጋር አንድ አድርጎ ነው የሚያመጣው፤ ያን መቁረጥ አለብህ፣ ስትቆርጠው ደግሞ አንገቱ ያጥርና ሰውየው ብርድ የመታው ይመስላል። እኔ የሚያናድደኝ አፍ ነው። ሳጥን ሙሉ ሰው አፉን ከፍቶ ይጮኻል። ምን አስጮኸው? ዝም ያለ ፊት ለማግኘት ሦስት ሳጥን መክፈት ነበረብኝ። ድሬሰሩን ደግሞ እጅ ነው የሚያሳብደው፤ ጠመንጃ ያልጨበጠ፣ ሳንጃ ያልያዘ ባዶ እጅ ከየት ይምጣ ይላል። አንዴ ያለ ቀኝ እጅ፣ ሁሉም ግራ ግራ የሆነ ሳጥን ደርሶት ሳምንቱን ሙሉ ሰው አላናገረም።

በመጨረሻ ብሽቅ ብሎ ለሠሪዎቹ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፈ። የሚነጠል አንገት፣ የተዘጋ አፍ፣ ባዶ እጅ፣ ባዶ እግር ላኩልን አለ። ከወራት በኋላ መልስ መጣ፤ ምስጋናና አዲስ ካታሎግ። ካታሎጉ ላይ ያሉት ሁሉ ይጮኻሉ።

ለምን እንደምሠራ ለእሱም ቶሎ አልነገርኩትም። ጣሊያን በመጣ ጊዜ አባቴ ወደ ሰሜን ዘመቱ፤ እናቴም አብራቸው ሄደች። እኔ የሁለት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ አክስቴ ዘንድ ተውኝ። አባቴ ተመለሱ፣ እናቴ አልተመለሰችም። «በንዳድ ሞተች» አሉ አባቴ፤ ዕድሜ ልኬን ከአፋቸው የሰማሁት ይህን ብቻ ነው። የት? ማን ቀበራት? ብጠይቅ ተነስተው ወደ በሬዎቻቸው ይሄዳሉ። አክስቴም ከዚያ በላይ አታውቅም ነበር። ፎቶግራፍ የላትም። ሐዘን ነበረብኝ ብዬ አልዋሽም። መልኳን የማላውቀውን ሰው ምን ብዬ አዝናለሁ? ስለ እሷ ሲነሳ ውስጤ ጭጭ ይላል፤ ሌላ ሰው እናት የለኝም ብሎ ሲያለቅስ ሳይ ቀናሁበት እንጂ እንደሱ አልሆንኩም። የወደቀችበትን ቦታ ማወቅ ግን ፈለግሁ። ከዚያ ምን እንደማደርግበት አላውቅም።

ጊዜውም እያለቀ ነበር። አባቴ ዓይናቸውን ሞራ ይጋርዳቸው ጀምሯል። ድሬሰሩ አንድ እሑድ እሳቸው የሚኖሩበት ፉሪ ድረስ መጥቶ አያቸውና ስንወጣ «ክረምቱ ሲያልፍ ያንተን ፊት ከበሩ አይለዩትም» አለኝ። ያን ቀን ነው የነገርኩት። አባቴ በአፋቸው አይናገሩም፤ ጦሩን ፊታቸው ብዘረጋው ግን በእጃቸው ያሳዩኝ ይሆናል፤ «እሷ የት ነበረች?» እላቸዋለሁ አልኩት።

ስልሳ ሰው ሲሞላልኝ በእንጨት ትሪ ደርድሬ፣ በጥጥ ጠቅልዬ ፉሪ ወጣሁ። ጎረቤት በኦሮምኛ አክብሮ «ኦቦ» የሚላቸው አባቴ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አካም ቡልተን፣ አባባ?»

«ናጋ፣ ኢልማ ኮ። ደህና ነኝ ልጄ። ምንድነው ያመጣኸው፣ እንቁላል ነው?»

ከጎናቸው ያለው መደብ ላይ አንድ በአንድ አቆምኩላቸው። እያነሱ፣ ዓይናቸው ድረስ እያስጠጉ አዩዋቸው። አንዱን ገልብጠው እግሩን አዩና ሳቁ። «ጣቱንም ሠርተኸዋል! አንተ ልጅ፣ ሥራ የለህም?» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ይህን ልክድ አልችልም። ከዚያ እጃቸውን በሰልፉ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፉና «የማን ጦር ነው?» አሉ።

«የእናንተ ነዋ።»

«የኛስ አይደለም።» አንዱን ከሌላው እያስነኩ እንደገና ዳሰሱት። «ስንቁስ?»

«የምን ስንቅ?»

«ሁሉም ጠመንጃ ይዟል፣ ሁሉም ይሮጣል። የሚበላውን ማን ተሸከመለት? ድስቱንስ? ይኼ ጦር ሦስት ቀንም አይሰነብትም፣ ኢልማ ኮ። ሴቶቹ የታሉ?»

ሦስት ዓመት ስቆርጥ፣ ስሞርድ፣ ስለ አንገትና ስለ አፍ ስነታረክ ኖሬ አንዲት ሴት አልሠራሁም። እናቴን ፍለጋ የወጣሁ ሰው እናቴ የምትቆምበትን ቦታ አልተውኩላትም። አባቴ ግን አልተቆጡም። ትሪውን ወደኔ ገፋ አድርገው «እሷን ሠርተህ አምጣ። ካመጣሃት አሳይሃለሁ» አሉ። በዕድሜዬ ስለ እሷ ከአፋቸው የሰማሁት ሁለተኛው ነገር ይህ ነው።

ሴት ከየትኛው ሳጥን ትወጣለች? አንድም ሳጥን ሴት የለውም። ድሬሰሩ ያለውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠና በረዶ ውስጥ የሚሸሽ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ካፖርት የለበሰ ወታደር አገኘ። የካፖርቱን ቁልፍ ሞርደን ቀሚስ አደረግነው፤ በክር መቀነት አስታጠቅነው። ከአንድ ፈረሰኛ እጅ ልጓሙን አስለቅቀን ባዶውን እጅ ለሷ ሰጠናት። የከበሮ መቺውን ከበሮ አሞልሙለን ስልቻ አደረግነው፤ ሸክሟ ነው። የቀረው ጢም ነበር። «ጉድ እኮ ነው፣ የእናትህን ጢም ስንላጭ ዋልን!» አለና ወዲያው ደነገጠ። እኔ ሳቅሁ። የምር ነው የሳቅሁት፤ ምንም አልነካኝም።

«ፊቷ ምን ይመስል ነበር?» አለኝ ቀለሙን እየበጠበጠ።

«እንጃ።»

እንደተላጨ፣ ልሙጥ እንደሆነ ተውነው። አፏ ግን ዝግ ነበር።

ሸክሙን እስከዚያ ያላጣበቅሁት ቀለሙ እስኪደርቅ ብዬ ነው። እሑድ ጠዋት አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ ስልቻውን ጀርባዋ ላይ ለጠፍኩት። ይህ ማጣበቂያ እንደ ሙጫ አይደለም፤ የሁለቱንም ፕላስቲክ አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ሁለት የነበሩ አይደሉም። መንገድ ላይ ዓለም ገና ስደርስ ደርቆ ነበር።

አባቴ ሴትዮዋን ተቀብለው ሽፋሽፍታቸው እስኪነካት አስጠጓት። «ሃዳ ኬ» አሉ በኦሮምኛ፤ እናትህ ማለታቸው ነው። ለኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም።

«አንቱስ የት ነበሩ፣ አባባ?» አልኳቸው።

ከስልሳው መሀል አፉን የዘጋውን ሰው በጣታቸው ፈልገው አወጡ። መደቡ ጫፍ ላይ፣ ጀርባውን ለሌሎቹ ሰጥተው አቆሙት። «ይኼ እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሴትዮዋን መደቡ ላይ ሳይሆን ታች መሬት ላይ፣ ከደጃፉ ዳር አቆሟት። በመሀላቸው ባዶ መሬት ነው።

«ከዘመቻው ስንመለስ ነው። አውሮፕላኑ መጣ። እኔ ሮጥኩ። እሷ ላይ ሸክም ነበረባት፤ የኔ ጥይትና ዱቄት። ጠዋት ስንነሳ "ምንም ቢመጣ ይኼን እንዳትጥይ" ብያት ነበር። አልጣለችም። ስሮጥ ጠራችኝ፤ ዞር አላልኩም።»

«ንዳዱስ?»

«ንዳድ አልነበረም። ንዳድ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ቦታው የት ነው?»

«ሜዳ ነው። ስሙን ማን ይጠይቃል።»

በቃ፣ ሦስት ዓመት የሠራሁለት መልስ ይኸው ነበር። አልቅሼ እንደሆነ ብዬ ፊቴን ነካሁት፤ ደረቅ ነው። ጎረቤቱ ግቢ ዶሮ ይጮኻል፤ አንድ ሰው ከብት እየነዳ አለፈና ለአባቴ እጁን አነሳ፤ እሳቸውም ባያዩትም በኮቴው አውቀው እጃቸውን አነሱለት።

ከዚያ ሴትዮዋን ከመሬት አነሷት። በአውራ ጣታቸው ስልቻውን ዳበሱ፣ ገፋ አደረጉት።

«ይኼ ሸክም ይወርዳል?»

«አይወርድም፣ አባባ።»

«በምላጭስ?»

«ጀርባዋ አብሮ ይሄዳል።»

«እሺ» አሉ።

ወንዶቹን ጠቅልዬ ስነሳ ሴትዮዋን እሳቸው ዘንድ ተውኳት። ወደ ሰበታ ስመለስ በመንገዱ ሁሉ ያሰብኩት ስለ እናቴ አይደለም፤ እንዲህ ብዬ መጻፍ ያሳፍራል ግን እውነቱ ይኸው ነው። ያሰብኩት ስለ ጠዋቱ ጥድፊያ ነው። ስልቻውን ሳልለጥፈው በኪሴ ይዤው ሄጄ ቢሆን፣ አባቴ በእጃቸው ያወርዱላት ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ድሬሰሩ ሁለተኛ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ሠሪዎቹን አልለቅቅም ብሎ ምሏል። ቀኝ እጅ አይጉደል፣ ሴት ይኑር፣ በቅሎ ይኑር ብሎ ጽፏል። «ካንተ ምን ልጨምር?» አለኝ።

«ሸክም ለብቻው ይሁን በላቸው። ከጀርባ የሚወርድ።»

«ወዳጄ፣ ለዚህማ ደብዳቤ አያስፈልግም፣ አለመለጠፍ ነው እኮ» ሊለኝ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ጻፈው። መልስ አልመጣም፤ ወይም መጥቶ አልደረሰንም፤ በዚያ ዓመት ብዙ ነገር ተገለባበጠ፣ አርመኑም ሱቁን ዘጋ።

መስከረም ላይ ፉሪ ስሄድ ድሬሰሩ እንዳለው ሆኖ አገኘሁ። አባቴ በድምፄ ነው የለዩኝ። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሴትዮዋን በግራ እጃቸው ይዘው፣ በቀኙ አውራ ጣት ጥፍራቸው የስልቻውን ጠርዝ ይፈቀፍቃሉ። ዓይን ስለሌላቸው ቀለሙ አልቆ ነጩ ፕላስቲክ መውጣቱን አያዩም። «ትንሽ ላላ መሰለኝ፣ እስቲ እየው» ብለው ዘረጉልኝ። ተቀብዬ አየሁት። አልላላም ነበር።

«አዎ፣ አባባ፣ ላላ ብሏል» አልኳቸውና መለስኩላቸው።