«በሕግ አምላክ» ያልኩበት ዓርብ

ከእንጅባራ ልወጣ ዋዜማው ላይ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አባቴ ከዘንገና ሐይቅ ዳር በእግራቸው መጡ። ጭጋጉ ቀድሟቸው ከተማ ገብቷል፤ ጋቢያቸው ላይ ካፊያው እንደ ጨው ነጥቧል። የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ካለችው የቀርቀሃ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻንጣዬን ለረጅም ጊዜ አዩት። አልነኩትም።

«ይበልጣል» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ሰው አገር ስትገባ አንድ ነገር ያዝ። እውነቱ ያንተ ቢሆንም እንኳ ‹በሕግ አምላክ› ያለህ ሰው ካለ ቁም። አንድ እግርህ አየር ላይ ቢሆን አታውርደው።»

«እሺ አባ።»

«አንተም ሲጨንቅህ በላቸው። ሰው ከሆኑ ይቆማሉ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፤ ማስረዳት ልማዴ ነው፤ አራት ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምሬያለሁ። አባቴ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ቤት ውስጥ የምናወራው በአዊኛ ነው፤ ሲቀልዱም ሲቆጡም በአዊኛ። ሁለት ሰዎች ዱላ ሲያነሡ ግን መሀል ገብተው በአማርኛ «በሕግ አምላክ!» ይላሉ፤ የተነሣው ዱላም እንደተነሣ ይቀራል። ስለ ሕግ የበላይነት ሳስተምር ምሳሌዬ ይህ ነበር። ፖሊስ የለም፣ ወረቀት የለም፣ ያሉት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፤ ሰውየው ግን ይቆማል። «ለምን ይቆማል?» ብዬ ስጠይቅ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ዛሬ ካልቆመ ነገ እሱ ሲል የሚቆምለት ስለማያገኝ» አለች። ከዚህ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ደወል ሳይደወል ሁለት መስከረም አለፈ። ሦስተኛውን መጠበቅ አቃተኝና ለባሕረ ሰላጤው አገር የጥበቃ ሥራ ተመዘገብኩ። በማግስቱ ሚኒባሱ ዳንግላ እስኪደርስ ድረስ ወደ ኋላ አላየሁም፤ ከዳንግላ በኋላ ደግሞ ባይም የሚታይ አልነበረም፤ ጭጋግ ነው። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገባሁ። አየር ማረፊያው መስኮት ላይ ያለው ሰው ፓስፖርቴን እያገላበጠ፦

«ሥራህ?» አለኝ።

«መምህር።»

«ቪዛው ጥበቃ ይላል።»

«እዚያ የምሠራው እሱን ነው።»

«ታዲያ ምን ልበልህ? መምህር ነህ ጥበቃ?»

«እስካሁን ተማሪ ስጠብቅ ነበር፤ ከእንግዲህ በር ልጠብቅ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «በር ይሻልሃል፤ አይረብሽም» አለና ማኅተሙን መታልኝ።

ሻርጃ ስወርድ ፊቴን የመታኝን ሙቀት በምን ልመስልላችሁ? እኛ ጋ አዲስ ቅዳም ከተማ ዙሪያ ከሰል ሲከሰል አፈሩን ገለጥ ሲያደርጉት የሚወጣውን ታውቁታላችሁ፤ እሱ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ አፈሩን መልሶ የሚደፍነው ሰው የለም። ድንችም አለ፤ ግን ታጥቦ፣ በላስቲክ ታሽጎ፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ። የእኛ ድንች አፈሩን እንደያዘ ገበያ ይወጣል፤ እዚህ ግን ድንቹም እንደ እኔ አገሩን አራግፎ ነው የሚገባው።

ድርጅቱ ማደሪያ ስለሌለው ቤት ፈልጉ ተባልን። ባለቤቱን ወክሎ ቤቱን የሚያከራየው አቡ ሳሊም የሚባል ወፍራም ሰው ነው። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጠየቀኝ።

«ስንት ናችሁ?»

«አንድ ነኝ።»

«ሐበሻ አንድ ሆኖ አያውቅም። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሠርግ።»

«ማንም የለኝም ጌታዬ፤ አንድ አልጋ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«እንግዲህ ስማ። አንድ ጩኸት ከሰማሁ፣ ኻላስ፣ በቃ፣ ሻንጣ።»

የቤቱን ክፍሎች ከሚፈቀደው በላይ አልጋ ሞልቷቸዋል፤ ጩኸቱን የሚፈራው ለዚያ ነው። ጎረቤት ከከሰሰ የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪዎች፣ እዚህ «በለዲያ» የሚሏቸው፣ ይመጣሉ። እኔ ደግሞ እሱን የምፈራበት ሌላ ምክንያት አለኝ። ያ ዓርብ ሲደርስ ከመጣሁ ከርሜያለሁ፤ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ሊያልቅ ዐሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ለማሳደስ የአድራሻ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን የሚፈርመው አቡ ሳሊም ነው፤ እሁድ እፈርምልሃለሁ ብሎኛል። ያለ ፊርማው ኢቃማ የለም፤ ያለ ኢቃማ ሥራ የለም፤ ያለ ሥራ የሚቀረው የመመለሻው አውሮፕላን ነው።

በክፍላችን አራት አልጋ አለ። ከእኔ ሌላ ማህሙድ አለ፤ ግብፃዊ፣ ኤሲ ጠጋኝ። ቺዲ አለ፤ ናይጄሪያዊ፣ እንደ እኔ ጥበቃ። ዑስማን ደግሞ ሱዳናዊ ሹፌር ነው፤ በዕድሜ ይበልጠናል፤ ዐረብኛውንም እንግሊዝኛውንም አሳምሮ ስለሚያውቅ ስንጣላ የሚያስተረጉምልን እሱ ነው። እነሱ «ቲቸር» ይሉኛል፤ «ይበልጣል» ለማለት ሞክረው ምላሳቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል።

የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር ክፍሉ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ።

«ቲቸር፣ የናንተ ቡድን የት ነው ያለው?» አለኝ ቺዲ ረቡዕ ዕለት።

አስረዳሁ። ይህን ዋንጫ የመሠረቱት ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ መሆናቸውን፣ ማለትም ከአራቱ አልጋ ሦስቱ መሥራች መሆኑን፣ አንድ ጊዜም ግብፅን በፍጻሜ አሸንፈን ዋንጫውን መውሰዳችንን ነገርኩት።

«መቼ?» አለ ማህሙድ ከአልጋው ቀና ብሎ።

«አባቴ ሕፃን ሳሉ።»

«ገባኝ» አለ ቺዲ። «ቤቱን ሠርታችሁ ውጭ ታድራላችሁ።»

«ቀስ በል» አለው ዑስማን። «ቤት ሠርቶ ውጭ ያደረ እኔም አለሁ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጭር ነበር። ካርቱም ጥሎት ስለመጣው ቤት ሁላችንም እናውቃለን።

ማህሙድ ወሬውን ለመመለስ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ደግሞ አታውራ፤ ውሃችንን ይዘህብናል።»

«ወንድሜ፣ እኔ ያደግሁበት ሐይቅ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። ከዘንገና አንዲት ጠብታ ወደ ማንም አይወርድም።»

«ሰማችሁ?» ብሎ ጮኸ። «እሱንም ገድበውታል!»

የዚያ ቀን ሳቃችን የመጨረሻው ሆነ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግብፅና ናይጄሪያ ሊገናኙ ነው፤ ያሸነፈ ያልፋል፣ የተሸነፈ ወደ ቤቱ። ሐሙስ ማታ ማህሙድና ቺዲ መነጋገር አቆሙ። ጨው እንኳ የሚቀባበሉት በእኔ በኩል ሆነ።

ዓርብ አቡ ሳሊም ግቢ ውስጥ ነበር፤ የውሃ ታንከር ያስጠግናል። እኔም መምህር አይደለሁ፣ ካርቶን ቀድጄ በእንግሊዝኛ ሕግ ጻፍኩና ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። አንድ፦ መጮኽ የለም። ሁለት፦ ጎል ሲገባ ቡድኑ ያገባለት ትራስ ይነክሳል። ሦስት፦ ስልክ ማየት የለም። ሦስተኛውን የጻፍኩት የማህሙድ ስልክ ከቴሌቪዥናችን ቀድሞ ስለሚያሳይ ነው፤ ሃያ ሰከንድ ያህል። ሃያ ሰከንድ ትንሽ ትመስላለች። አይደለችም።

ከዕረፍት በኋላ ኳሷ መሀል ሜዳ ሳለች ማህሙድ ድንገት ትራሱን ነከሰ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ምን ሆነ?» አለ ቺዲ።

ማህሙድ ትራሱን ከጥርሱ አልለቀቀም።

«ማህሙድ! ኳሷ መሀል ሜዳ ናት፤ ምን ሆነሃል?»

ስልኩን ከብርድ ልብሱ ሥር አየሁት። አንድ፣ ሁለት ብዬ በልቤ ቆጠርኩ። ሃያ ሳይሞላ ግብፅ አገባች።

ቺዲ ተነሣ። «እኔ የራሴን ሞት ከጎረቤቴ ፊት ላይ ነው የማነበው?» አለ። ዑስማን እጁን ይዞ አስቀመጠው። ማህሙድ ስልኩን አጠፋሁ አለ፤ አላጠፋም።

ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ዳኛው ለናይጄሪያ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ቺዲ መሬት ላይ ተንበረከከ። በቴሌቪዥኑ መቺው ኳሷን ገና እያመቻቸ ነው፤ ማህሙድ ግን ዐይኑ ብርድ ልብሱ ሥር ነው፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ቺዲ አየው።

«አምጣው!» ብሎ ተወረወረ። ስልኩ ወለል ላይ ወደቀ። ማህሙድ አንገቱን አነቀው፤ ቺዲ ገፍትሮት ወንበሩን አነሣ፤ ማህሙድም ሻይ የፈላበትን ማንቆርቆሪያ አነሣ። ዑስማን መሀል ሊገባ ሲል የአልጋው ብረት ጠለፈው። በደረጃው ላይ የአቡ ሳሊም ጫማ ጧ፣ ጧ ሲል ሰማሁ። ኢቃማዬ፣ አልጋዬ፣ እሁድ፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው የአባቴ ድምፅ ነው።

«በሕግ አምላክ!»

ቆሙ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቆሙ። ቺዲ ወንበሩን እንዳነሣ ቀረ። ማህሙድ ማንቆርቆሪያውን እንዳነሣ፣ እንፋሎቱ ብቻ ወደ ላይ እየሄደ፣ ቀረ። ዑስማን በአንድ ጉልበቱ እንደተንበረከከ ቀረ። ለአንዲት ቅጽበት ሻርጃ አልነበርኩም። ከዚያ በሩን አየሁ። አቡ ሳሊምም ቆሟል፤ አንድ እግሩ ከደፉ ወዲህ፣ አንዱ ከደፉ ወዲያ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ምን አልክ?» አለ በቀስታ።

«በሕግ አምላክ» አልኩ፤ አሁን ድምፄ የራሴ ነበር።

«ሐግ አምላክ?» ወደ ዑስማን ዞረ። «ሐግ አምላክ ነው ያለው? የማን አምላክ? ይህ ቤት ባለቤት አለው! ሰነድ አለው!»

ዑስማን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። መጀመሪያ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። «ቲቸር» አለኝ በእንግሊዝኛ፣ «በእነሱ ዐረብኛ ‹ሐግ› መብት ነው፤ ‹አምላክ› ደግሞ ንብረት፣ ቤትና መሬት። አንተ ያልከው ‹በንብረት መብቴ!› ነው።»

ቺዲና ማህሙድ የቆሙት ለዚህ ነው። ማህሙድ ቃሉን እንደ አቡ ሳሊም ሰምቶ በድፍረቴ ደነገጠ። ቺዲ ዐረብኛ አያውቅም፤ የማህሙድን ፊት አይቶ ነው የቆመው።

«ጌታዬ፣ ተሳስተዋል» አልኩ፤ ዑስማን ያስተረጉማል። «በእኛ አገር የሕግ ጌታ፣ የሕግ ፈጣሪ ማለት ነው። በሕግ ቁሙ ማለት ነው።»

«ሕግ? የትኛው ሕግ?» ይበልጥ ደነገጠ። «የበለዲያ ሕግ? በለዲያ ጠርተሃል?»

«ማንንም አልጠራሁም። እግዚአብሔርን ነው የጠራሁት።»

«እሱን ጠርተህ ነው ስለ ንብረት የምታወራው?» አልጋዎቹን ቆጠረ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርቶን አየ፤ ማንበብ ያልቻለውን ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። «ይህም የንብረቱ ጽሑፍ ነው?»

መልስ ሳይጠብቅ ወደ ደረጃው ዞረ።

«እሁድ ከባለቤቱ ጋር እመጣለሁ» አለኝ። «ወረቀት ካለህ ወረቀትህን አዘጋጅ። ከሌለህ ሻንጣህን።»

ከጎረቤት ቤቶች ጩኸት ተነሣ። ቴሌቪዥኑ ላይ ተጫዋቾች ይተቃቀፋሉ፤ ቅጣት ምቱን ከእኛ ማንም አላየውም። ኳሷ ወደ ውጭ መውጣቷን የሰማነው በኋላ ነው። ማህሙድ ትራስ አልነከሰም። ወንበሩን ከቺዲ እጅ ተቀብሎ አስቀመጠው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ሸሚዛቸውን ተኩሰው ወጡ። ወዴት እንደሚሄዱ አልነገሩኝም። ለካስ ሽማግሌ ሆነውልኝ አቡ ሳሊም ዘንድ ሄደዋል፤ ሽማግሌ መላክ ምን እንደሆነ ነግሬያቸው እንኳ አላውቅም። ተመልሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ምን አለ?» አልኩ።

«ሁለት ሰው ለሦስተኛ ሰው ከለመነ ማኅበር ነው አለ» አለ ማህሙድ።

«ማኅበርም ክልክል ነው አለ» ጨመረ ቺዲ።

እሁድ ሻንጣዬን በር ሥር አቁሜ ስጠብቅ ስልኬ ጠራ፤ የአገር ቤት ቁጥር ነው። አገር ቤት ኔትወርክ ከጠፋ ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር።

«ይበልጣል? ትሰማኛለህ?» አባቴ ናቸው። ነፋሱ ከእሳቸው በላይ ይጮኻል፤ ከሐይቁ አፋፍ፣ ኔትወርክ ከሚይዝበት ላይ ቆመዋል ማለት ነው።

«እሰማለሁ አባ። ደህና ነዎት? እማስ?»

«ደህና ናት። ድንቹን አወጣን። ብርዱ መጣ። አንተ ማደሪያህ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኩ ሻንጣዬን እያየሁ። «ሰፈሩስ እንዴት ነው?»

ከነፋሱ ዘወር አሉ መሰለኝ፤ ድምፃቸው ቀረበ።

«ባለፈው ሁለት ጎረምሶች መሣሪያ ተማዘዙ» አሉ። «መሀል ገብቼ ‹በሕግ አምላክ› አልኳቸው።»

«እሺ?»

«አልቆሙም።»

«ሰው ተጎዳ? እርስዎስ?»

«እሱን ተወው።» የተለመደው ድምፃቸው አልነበረም። በአዊኛ አንድ ነገር ለራሳቸው አሉ፤ ነፋሱ ወሰደው። ከዚያ በአማርኛ፦ «አንተስ እዚያ ብለህ ታውቃለህ?»

«ዓርብ ዕለት አልኩ።»

«ቆሙ?»

ለአባቴ ዋሽቼ አላውቅም። ማደሪያዬን በተመለከተ ግን አሁን ዋሽቻለሁ፤ ሁለተኛ ልዋሽ አልፈለግሁም። አየር ላይ የቀረውን ወንበር፣ ከማንቆርቆሪያው የሚወጣውን እንፋሎት፣ ደፉ ላይ የቆመውን ሰውዬ አሰብኩ።

«ቆሙ አባ» አልኩ። «ሁሉም ቆሙ።»

የነፋሱ ድምፅ በረታ፤ ኔትወርኩ የሄደ መሰለኝ።

«እንግዲያ» አሉ፣ «ከዚያ አገር እንዳትወጣ።»

«አባ፣ ነገሩ እንዲህ…»

ነፋሱ ተቋረጠ። ደወልኩ፤ አይሠራም። እንደገና ደወልኩ። ከታች የመኪና በር ተዘጋ፤ የሁለት ሰው ጫማ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ስልኬን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ ከሻንጣዬ አጠገብ ቆምኩ።