የሊባን ጫት በግብር ቢሮ

ካፊያ መጋላ ሰፈር ውስጥ የመጅሊስ፣ ማለትም የምድር መቀመጫ፣ ፍራሽና ትራስ ሰፊ ናት። ድሬዳዋ ሙሽራ ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው ሁሉ በእኔ ስፌት ላይ ነው የተቀመጠው ብትል ያጋነነችው ትንሽ ብቻ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆች ያሳደገችው በአንድ ማሽን ነው። ዘንድሮ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለክፍሎቹ በሙሉ መጅሊስ አዘዛትና፣ ሁለተኛ ማሽን ካልገዛች እንደማትደርስ ገባት። ብሩን አጠራቅማለች። የቀራት ግብሯን ከፍላ መገላገል ነበር።

ፈቃድ አውጥታ መዝገብ መያዝ ከጀመረች ገና ዓመቷ ነው። ሐምሌ ላይ ገቢሽንና ወጪሽን ይዘሽ ነይ ስትባል ሰፈሩ ከእሷ በፊት ሰማ። አንዷ ጎረቤት የማሽኑ ብር እዚያው ይቀራል አለች፤ ሌላዋ ደግሞ አሮጌውን ማሽን ከተዉላት ሱጁድ ወርዳ አላህን ታመስግን ብላ ደመደመች። ሁለቱም ግብር ከፍለው አያውቁም።

ካፊያ ቁጭ ብላ ወጪዋን ጻፈች። ስፖንጁን፣ ጨርቁን፣ ክሩን፣ የሊባንን ደሞዝ። ሊባን ስፖንጅ ቆርጦ ትራስ የሚሞላላት ሰው ነው። ቀትር ላይ ከተማው በሙቀት ሲዘጋ እሱም አብሮ ይዘጋል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጫቱ ካልቀረበለት አይከፈትም። ከመረቀነ በኋላ ግን የሦስት ሰው ሥራ ይሠራል። ጫቱን የምታቀርበው አሠሪዋ ናት፤ በእነሱ ሰፈር ልማዱ እንዲያ ነው። እሷም ምንም ሳትደብቅ፣ «የሊባን ጫት፣ ዓመቱን በሙሉ፣ ከዓርብ በስተቀር» ብላ ጻፈች።

ግብር ቢሮ የተቀበለቻት የሺመቤት የምትባል የሳቢያን ሰፈር ልጅ ናት። ወረቀቱን እያነበበች መጥታ አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«ካፊያዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ጥሬ ዕቃ ነው» አለች ካፊያ። «ወላሂ፣ ሊባን ያለሱ አይሠራም።»

የሺመቤት ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ማሽንሽስ ያለ መብራት ይሠራል?» አለቻት።

«አይሠራም።»

«ታዲያ መብራቱ የታለ?»

ካፊያ ግራ ገባት። መብራቱ የቤቷ ነው፤ የቤቷን ጉዳይ መንግሥት ፊት ማውጣት ልመና መስሎ ታይቷት ነበር። የሺመቤት በትዕግሥት አስረዳቻት። ለሥራሽ ያወጣሽው፣ ወረቀት ያለው ሁሉ ይቆጠራል። ከመብራቱ ማሽኑ የበላውን ያህል፤ ቴሌቪዥኑ የበላው የራስሽ ነው። የማሽኑም ዋጋ ከዓመት ዓመት እያረጀ ስለሚሄድ በየዓመቱ ድርሻው ይያዝልሻል። ጫቱ ግን የሊባን እንጂ የንግድሽ አይደለም። ከዛሬ ወዲያ የጫቱን ብር ደሞዙ ላይ ጨምሪለት፣ ይፈርም፣ ግብሩ ይቆረጥ፤ በቀረው የፈለገውን ይግዛ። ያለፈው አልፏል ብላ፣ ያቺን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዘቻት።

ካፊያ ቤቷ በረረች። የመብራቱን ደረሰኞች ከቁምሳጥን ሥር፣ የማሽኑን ከኒካ የጋብቻ ወረቀቷ ጋር አጣጥፋ ካስቀመጠችበት አገኘች። ትራስ የጫነችበት ባጃጅ ሁሉ ግን ወረቀት አልነበረውምና ያ ወጪ ሳይቆጠርላት ቀረ። ቢሆንም ሒሳቡ እንደገና ሲሠራ ግብሩ ከፈራችው በእጅጉ አነሰ። ከፍላም የማሽኑ ብር ተረፈላት።

ከግብሩ ይልቅ ያስፈራት ሊባን ነበር። ስትነግረው ብሩን ተቀብሎ፣ ፈርሞ፣ በማግስቱ ጫት ተራ ራሱ ሄደ። ሲመለስ የያዘው የወትሮውን ግማሽ ነው።

«አቦ ካፊያ፣ እስከ ዛሬ በዚህ ሁሉ ዋጋ ነው ስትገዢልኝ የነበረው? አብደሻል እንዴ?»

ትራሱን ግን እንደ ድሮው ሞላ።

በሳምንቱ ካፊያ ማሽን ልትገዛ ሱቅ ሄደች። ሻጩ ዋጋውን ነግሯት ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያለ ደረሰኝ ከሆነ እንደሚቀንስላት ሹክ አላት። ቅናሹ ያጓጓል፤ ያመነታችው ግን ለአፍታ ነው።

«ደረሰኙን ቁረጥ» አለችው።

ሰውየው ቅር እያለው ቆረጠ። ካፊያ ስሟ በትክክል መጻፉን ሁለት ጊዜ አይታ፣ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተች በኋላ ነው ማሽኑን ባጃጅ ላይ ያስጫነችው። ለባጃጁም ልጅ ገና ሳይነሳ፣ ስንት እንደተቀበላት ጽፎ እንዲፈርምላት ብጣሽ ወረቀት ዘረጋችለት።