አየር ያጣ ጉልበት

ደባርቅ ባዮሎጂ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ። «ኢነርጂ» የሚለውን በአማርኛ «ጉልበት» እያልኩ ነበር የማስተምረው፤ ተማሪዎቼም ቃሉን ባነሳሁ ቁጥር የራሴን ጉልበት ያያሉ። ቀጭን ነው፤ ሱሪዬ ውስጥ መኖሩ የሚታወቀው ስቀመጥ ብቻ ነው። እንዲህ እላቸው ነበር፦ «ሴል ግሉኮስን ከኦክስጅን ጋር ሲያቃጥለው ሠላሳ ቁና ያህል ጉልበት ያገኛል። አየር ሲያጣ ግን ጀምሮ ይተወዋል፤ የሚያገኘው ሁለት ቁና ብቻ ነው። የቀረው በጋን ውስጥ ጠላ፣ በጡንቻ ውስጥ ኮምጣጣ አሲድ ይሆናል።» ጠላውን ሁሉም ያስታውሳል። ጡንቻውን እኔም ረስቼው ኖሯል።

ታላቅ እህቴ ከከተማው በታች፣ መኪና በማይወርድበት ገደላማ አገር ትኖር ነበር። በሄድኩ ቁጥር ዝቅ ብዬ ጉልበቷን እስማለሁ። «ሳምከው ሳምከው ጨረስከው፤ ያለኝ ይኸው ነው» ትለኛለች።

ያለፈው ክረምት የሳንባ ምች ያዛት። ስደርስ በአንድ ትንፋሽ ሦስት ቃል መጨረስ አቅቷት፣ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኘኋት። ነገሩን አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ስዬዋለሁ። ሳንባ አየር ሲያንሰው መላ ሰውነት በሁለቱ ቁና ለመኖር ይፍጨረጨራል፤ አሲዱም ይጠራቀማል። ኦክስጅን የያዘ አምቡላንስ ተጠርቶ አቀበቱ ጫፍ ላይ ቆሟል። እዚያ መድረስ አለባት።

ጎረቤቶች በእንጨትና በጠፍር ቃሬዛ አበጁ። አራት ሰው ይሸከማል፤ ሌሎቹ በጎን ይሮጣሉ። የደከመው «ተካኝ» ይላል፤ ቃሬዛው ሳይቆም ሌላው ትከሻውን ያስገባል። ደንቡ ይኸው ነው።

«መምህር፣ አንቱ ከኋላ ይከተሉ» አለኝ የእህቴ የቅርብ ጎረቤት።

«እህቴን የማወጣት እኔ ነኝ።»

እህቴ ጋቢዋ ውስጥ ሆና «ተዉት… ጠመኔ እንጂ… ምን ተሸክሞ ያውቃል» አለች። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ነካኝ።

የመጨረሻው አቀበት ላይ ትከሻዬን አስገባሁ። መጀመሪያ ጥሩ ነበርኩ። ያለ አየር የሚገኝ ጉልበት ቶሎ ይደርሳል፤ ሽማግሌንም ያታልላል። ከዚያ ጭኔ ድንጋይ ሆነ። ትንፋሼ ከእህቴ ትንፋሽ እኩል ያፏጭ ጀመር።

«መምህር፣ ልተካዎት?» አለ ጎረቤቷ ከጎኔ እየሮጠ።

«ደህና ነኝ።»

«እግርዎ ይንቀጠቀጣል።»

«ዱሮም እንዲሁ ነው።»

«ተካኝ» አንዲት ቃል ናት። ዕድሜ ልኬን በወሬ እንጀራ የበላሁ ሰው እሷን ማውጣት አቃተኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። በፊቴ ተደፋሁ፤ የቃሬዛው አንድ ጫፍ ጭቃው ላይ ተተከለ፤ ጠፍሩ ተበጠሰ። እህቴን ደግፈው ያዟት፣ አልወደቀችም። ግን ጠፍሩ እስኪታሰር ቆምን። እኔ ጭቃው ላይ ተቀምጬ ስተነፍስ፣ ስተነፍስ፣ ጡንቻዬ ይመለስልኛል። እሷም አጠገቤ ትተነፍሳለች። የሷ አይመለስም።

«ደከመህ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ከሷ ሌላ ቃል አልሰማሁም።

አምቡላንሱ ጋ ስንደርስ የጤና ባለሙያው የኦክስጅኑን ጭምብል አነሣ፣ አንገቷን ዳሰሰ፣ ጭምብሉን ወደ ቦታው መለሰ።

«ጊዜዋ ደርሶ ነው» ይሉኛል፣ ጎረቤቷ ሳይቀር። ምናልባት እውነት ነው። ምን ያህል እንደቆምን ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በዚያው ቃሬዛ ወደ መንደሯ ልንመልሳት አዞርናት። ልብ ከቆመ በኋላም ሴሎች ያለ አየር ጥቂት እንደሚሠሩ፣ የቀረቻቸውን ስኳር እየሰበሩ እንደሚቆዩ ብዙ ጊዜ አስተምሬያለሁ። ጎንበስ ብዬ በጋቢው ላይ ጉልበቷን ሳምኩ። ገና ሞቃት ነበር።

ትከሻዬን ዳግም አስገብቼ ቁልቁለቱን ጥቂት እንደወረድን ጎረቤቷ ተጠጋኝና «መምህር፣ ልተካዎት?» አለኝ።

«ተካኝ» አልኩት። አሁን የሚቸኩል ማንም አልነበረም።