ገነቴ የሰበሰበችው ገል

ገነቴን ሆሳዕና ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «ፉጋዋ መጣች» ይላሉ፤ ሸክላ ሠሪ ወገኗን የሚንቁበት ስም ነው። እንስራዋን ግን በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት። በገበያ ቀን ሸክላዋን አዝላ በአንጋጫ መንገድ ትመጣለች፤ ከቅቤና ከቆጮ ሻጮች ራቅ ብላ ዳር ትቀመጣለች።

አምና፣ በ1959 ክረምት መግቢያ ላይ፣ ቤታችን እንስራ አምጥታ ውሃ ጠየቀች። ለእሷ ዓይነት ሰው ውሃ የሚሰጠው በእንሰት ቅጠል ነው። ከደጅ አጎንብሳ ትጠጣለች፤ ቅጠሉ ይጣላል። እኔ ልጄን አዝዬ ስለነበር ቅጠል ልቆርጥ አልወጣሁም። እውነቱን ልናገር፣ መውጣትም አልፈለግሁም። ራሷ በሠራችው የሸክላ መጠጫ ሞልቼ ሰጠኋት።

ጠጥታ ስትመልስልኝ አማቴ እታለም ከጓዳ ወጡ። መጠጫውን በዘነዘና እየገፉ ደጅ አወጡትና ሰበሩት።

«ልጅሽን በዚህ ልታጠጪው ነው?» አሉኝ።

«እማማ፣ የሠራችው እኮ እሷ ናት።»

«መሥራት ሌላ፣ መጠጣት ሌላ። አሥር ዓመት ስትማሪ ይሄን አልነገሩሽም?»

እኚህ ሴት እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁላችንም የአንድ አባት ልጆች መሆናችንን የሚዘምሩ ናቸው። ገነቴ ጎንበስ አለች። ገሉን አንድ በአንድ ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ሄደች። ደጃችንን የምታጸዳልን መስሎኝ አፈርኩ።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቃት ልጄን አዝዬ ቤቷ ሄድኩ። ያንኑ ገል ስትወቅጥ አገኘኋት።

«ምን ሊሆንሽ ነው እትዬ ገነቴ?»

«ጭቃው ውስጥ ይገባል። ጥሬ አፈር ብቻውን እሳት አይችልም፣ ይሰነጠቃል። እሳት ያየ ሲገባበት ነው የሚጸናው። እናንተ ትሰብራላችሁ፣ እኔ እለቅማለሁ።» ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። «አያናድድሽም?»

«እንዴት አያናድደኝ። ግን እጄ ጭቃው ላይ ሆኖ ልቤ እናንተ ደጅ ከዋለ የእንስራው ግድግዳ ባንድ ወገን ይሳሳል። ስለዚህ ንዴቱን ውጭ አስቀምጠዋለሁ። ሥራዬን እስክጨርስ ይጠብቀኛል፤ የትም አይሄድ።»

የወቀጠችውን ገል ከጭቃው ጋር ለውሳ እንስራ አቆመች፤ ዓይኗን ጨፍናም ግድግዳውን በጣቶቿ መሃል ዳሰሰች። አንገቱን በእሾህ ትጭራለች፤ ሁልጊዜ የዕለቱን ነገር ነው የምትጭረው፣ አንድ ቀን የቁራ ኮቴ፣ አንድ ቀን ዝናብ። ያን ቀን የልጄን አውራ ጣት ይዛ እርጥቡን አንገት ዙሪያውን አተመችበት።

ትምህርቴን አቋርጬ ስዳር ቀኔ ሁሉ ቆጮ መጋገርና ጨርቅ ማጠብ ሆኖ የቀረ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስፌት ስይዝ እጄን አያለሁ፤ የማንም ያልሆነ ጥለት አወጣለሁ። ንዴቴ አልጠፋም። እኔም ውጭ አስቀምጠዋለሁ።

እንስራው ተተኩሶ ሲመጣ አማቴ በጣታቸው ኳ አድርገው አዳመጡት። የልጅ ልጃቸውን የጣት አሻራ አንገቱ ላይ ሲያዩ አቅፈው አልለቅ አሉ። ገነቴ ውሃ ጠየቀች። እኔም በመጠጫ ሰጠኋት፤ የአሁኑ ሆን ብዬ ነው።

ጠጥታ ስትጨርስ አማቴ በአንድ እጃቸው እንስራውን እንዳቀፉ በሌላው ዘነዘናውን አነሱ።

«ይስበሩት እሜቴ» አለች ገነቴ ቀስ ብላ። «ገሉን ወስጄ አመጣልዎታለሁ።»

«ምኑን ነው የምታመጪው?»

«ባለፈው የሰበሩት ያቀፉት እንስራ ውስጥ አለ። አምና ሌላ ደጅ የተሰበረብኝ ጓዳ ያለው ጋን ውስጥ ነው፣ የካቻምናው ድስቱ ውስጥ። እኔ የጠጣሁበትን ሲጠጡበት፣ ሲበሉበት ነው የኖሩት።»

አማቴ እንስራውን አዩ። የጣት አሻራዎቹን አዩ። ከዚያ ወደ ጓዳው ዞሩ፤ ጋኑ፣ ድስቱ፣ ማሰሮው ተደርድሯል።

«ሁሉንም እንስበራቸው እማማ?» ብዬ ዘነዘናውን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ታዲያ ራት በምን ሊሠራ ነው» አሉና ዘነዘናውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

ይቅርታ አልጠየቁም፤ ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። መጠጫው ግን ታጥቦ እንዲደርቅ ከሌሎቹ ጋር ተደፋ። ያጠቡት ራሳቸው ናቸው። ገነቴ በራችንን አልፋ ስትወጣ የነጠላዋ ጫፍ አልተቋጠረም ነበር።