የቀሚሷ ቁልፍ

ዛሬ ጠዋት ልጄ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጥታ «እማዬ፣ ቁልፌ ወለቀ» አለችኝ። ክብ ፕላስቲኩን መዳፌ ላይ ስታኖረው ሳቄ መጣ። አባቴ ትዝ አሉኝ፤ ከእሳቸው ጋርም ያ የልጆች መጽሐፍ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው። ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ለትምህርት ቤታችን በእርዳታ ከመጡት ካርቶኖች በአንዱ ውስጥ ስለ አንዲት ልጅ የሚተርኩ ተከታታይ መጻሕፍት አገኘሁ። ልጅቱ ከሐይቅ ሥር ዓሦች ወደሚናገሩበት አገር ትወርዳለች፤ መመለሻዋ በር ይቆለፍባታል። ሠላሳ ዓመት የሞላኝ ሴት በፍቅር ወደቅሁ። ፈተና ሳርም እንኳ ሐሳቤ እሷ ዘንድ ነበር። ባልደረቦቼ «ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ተመዘገብሽ እንዴ?» እያሉ ቢያሾፉብኝም ግድ አልነበረኝም።

በዚያው ክረምት የቅኔ መምህሩ አባቴ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከሰከላ መጥተው እኔ ዘንድ ሰነበቱ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የረጠበ አፈር ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ እየተረጎምኩ አነብላቸው ጀመር። መጀመሪያ «የልጅ ተረት» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ብዙም ሳይቆይ ምሳ ሳይቀርብ «ልጅቱስ?» ማለት አመጡ።

በእጃችን የነበረው የመጨረሻው መጽሐፍ ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ዓሣ ልጅቱን «ቁልፉ ከደረትሽ ወርዶ አያውቅም» ይላታል። የማጠቃለያው መጽሐፍ ካርቶኑ ውስጥ አልነበረም። ልቧን ማለቱ ነው አልኩ።

አባቴ ጥቂት አሰቡና «የቀሚሷ ቁልፍ ነዋ፤ እናቷ የሰፋችላት» አሉ።

«አባዬ፣ በእንግሊዝኛ እኮ የበር ቁልፍና የልብስ ቁልፍ ስማቸው ለየቅል ነው።»

«እንግዲያማ እንግሊዝኛው ሰም ብቻ ነው፤ ወርቅ የለውም በይኛ።»

ለፋሲካ ልጠይቃቸው ሰከላ ስሄድ ታሪኩን ለተማሪዎቻቸው ነግረው፣ ጉባኤው ለሁለት ተከፍሎ ጠበቀኝ። «እህታችን፣ የኔታ ረቱ ወይስ ተረቱ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። አባቴ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከልብ አልነበረም። ስንቱን ቅኔ የፈቱ ሰው በልጅ ተረት ሊረቱ ነው? ጭንቀቱ ወደ እኔ ተጋባ።

በኋላ ለስብሰባ ባሕር ዳር በሄድኩበት ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ገለጥኩ። የልጅቱን ስም ሳይ የጮኽኩት ጩኸት ሻጩን አስደነገጠው። መንገዱን ሙሉ እጄን እየበላኝ ሳላነበው ሰከላ ደረስኩ።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተማሪዎቹ ከበውን መተርጎም ጀመርኩ። ልጅቱ በሩ ዘንድ ደረሰች። ደረቷን ዳበሰች፤ የቀሚሷን ገበር ስትተረትረው ትንሽ የወርቅ ቁልፍ ወደቀች።

«የበር ቁልፍ ነው። የኔታ ተረቱ» አለ አንደኛው ወገን።

አባቴ እጃቸውን አነሱ። «ማን ሰፋላት?»

ቀጣዩን መስመር አነበብኩ። «እናቷ።»

«ይበል! ይበል!» ጉባኤው ተናወጠ፤ ተቃዋሚዎቹም አብረው ይበል አሉ። አባቴ እንደ ሙሽራ ተኮፍሰው «ለካ እንግሊዝኛውም ወርቅ አለው» አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ካረፉ ቆይተዋል። ልጄ «እማዬ፣ ረፈደብኝ» እያለች ቁልፉን አጥብቄ ሰፋሁላት። ክሩን በጥርሴ ልበጥስ ጎንበስ ስል የልቧን ምት ሰማሁ።