የለም ያልኩት ሰው

በግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ምሕረት የምትባል ወጣት አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ የንባብ ቡድን አላት። እኔንም ጎትታ ልታስገባኝ ፈልጋ በዚህ ክረምት አራት አዳዲስ ልቦለዶች አስነበበችኝ። ማስተማሩን ትቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ ሞልቶኛልና ሁሉንም ጨረስኳቸው።

አስተያየቴን ስትጠይቀኝ አልደበቅኳትም። የመጀመሪያው ደራሲ ጨንቻ ላይ ሙዝ ተክሏል። ጨንቻ! በሐምሌ ሁለት ጋቢ ደርበው እሳት የሚሞቁበት ደጋ። ከዚያ ገጽ በኋላ ስለ ፍቅርም ሆነ ስለ ሞት ቢያወራ ላምነው አልቻልኩም። በሁለተኛው መጽሐፍ ሰው ሁሉ እንደ ደራሲው ነው የሚናገረው፤ የጫሞ ሐይቅ ዓሣ አጥማጅም፣ ዳኛዋም፣ የስድስት ዓመት ሕፃንም ይፈላሰፋሉ። የሦስተኛው መጽሐፍ ደራሲ ባለታሪኳን የገደላት መጨረሻ ቢጠፋበት ይመስለኛል። አራተኛውን ወደድኩት። አንዲት ሴት የእናቷን ምስጢር የምትተርክበት መጽሐፍ ነው፤ ምሳዬን እስክረሳ ድረስ ይዞኝ ነበር። ጨርሼ ስዘጋው ግን ጥርጣሬ ገባኝ።

«ይህቺ ልጅ እናቷን አስፈቅዳ ነው የጻፈችው?» አልኳት ምሕረትን።

ሳቀች። «እትዬ አስቴር፣ ልቦለድ እኮ ነው!»

እሷ ሳቀች እንጂ እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ይህንኑ ቃል አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ከአንድ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። የሰማሁትም ያንን ሰው ከበደልኩት በኋላ ነው።

ጋሽ ይልማ የአማርኛ መምህራችን ነበር። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ፣ ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ የሚወጣውን ዳገት እንኳ መጽሐፍ እያነበበ ነበር የሚወጣው፤ አንዴ ከአህያ ጋር ተጋጭቶ ቀና ሳይል «ይቅርታ» ብሎ ማለፉን ተማሪው ሁሉ ያወራ ነበር። የሥነ ጽሑፍ ክበብ አቋቋመና እኔን አስተያየት አቅራቢ አደረገኝ። ዓርብ ዓርብ በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ያነበብኩትን ልቦለድ እተች ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ማንንም ደራሲ አልምርም። ተማሪዎቹ «ዛሬ ደግሞ ማንን ልትቀብሪ ነው?» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

በበልግ ዝናብ ሰሞን፣ መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኖ ጫማችንን በእጃችን ይዘን የምንመጣበት ጊዜ፣ ጋሽ ይልማ ቢሮ አስጠራኝ። በታይፕ ተመትቶ በስቴንስል የተባዛ ወፍራም ጥራዝ ሰጠኝ። ራሱ የጻፈው ልቦለድ ነው።

«ሠላሳ ቅጂ አባዝቻለሁ» አለኝ። «ረቡዕ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ አስተያየትሽን ታቀርቢያለሽ። ከዚያ የፈለገ ሰው ይወስዳል። እንዳትምሪኝ።»

«እርስዎንም ቢሆን አልምርም» አልኩ፣ በኩራት።

ልወጣ ስል «አባትሽ ደህና ናቸው?» አለ። ደህና ነው ብዬ ወጣሁ። ይህች ጥያቄ በኋላ እንቅልፍ ነሳችኝ።

ጥራዙን ከቤታችን ጓሮ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። ቀለሙ ገና ጣት ላይ ይለቅ ነበር። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ «ረዝሟል» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ እርሳሱን አስቀመጥኩ።

በዚያ ምዕራፍ ከጨንቻ ወርዶ ቆላ የሰፈረ አንድ ሸማኔ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ ለምእመናኑ ያነባል። ማንበብ ግን አይችልም። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ልጁ ምዕራፉን ታነብለታለች፤ እሱ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ እየወረወረ በቃሉ ይይዛል። ገጹ እንዳይጠፋበት ቀይ ክር ታስገባለታለች። አንድ ቀን እንግዳ ሰባኪ መጥቶ ያልተዘጋጀበትን ክፍል እንዲያነብ ቢጠይቀው «መነጽሬን ረሳሁ» አለ። በማግስቱ ገበያ ወጥቶ ለጤነኛ ዓይኑ መነጽር ገዛ።

ሰውየው አባቴ ነው። ልጅቷ እኔ ነኝ። መነጽሩ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል።

ይህን ምስጢር የምናውቅ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን፦ አባዬ፣ እናቴና እኔ። ታዲያ ማን ተናገረ? መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርኩ። የድሮ ደብተሮቼን አውጥቼ የጻፍኳቸውን ድርሰቶች አንድ በአንድ መረመርኩ፤ ምንም የለም። ከዚያ ጋሽ ይልማን ጠረጠርኩ። ክበቡ ውስጥ ያስገባኝ ቤታችንን ሊሰልል ይሆን? «አባትሽ ደህና ናቸው?» ያለኝስ ሊያሾፍብኝ? በመጨረሻ ጥርጣሬዬ እናቴ ላይ አረፈ። እናቴ ጥጥ ፈትላ ሴቻ ላሉ የመምህራን ሚስቶች ትወስድ ነበር። እንዝርት እየሾረ ስንት ነገር ይወራል!

ምሳ ስንበላ ሞከርኳት። በሽፈራው ቅጠል የተሠራ የበቆሎ ቂጣ በዳጣ፣ በሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ፣ እየበላን ነበር።

«ጋሽ ይልማ መጽሐፍ ጻፈ» አልኩ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ።

የእናቴ እጅ ዳጣው ላይ ቀረ። «ስለ ምን?» አለች ቶሎ።

በቃኝ። ማስረጃ አገኘሁ ብዬ ደመደምኩ። አባዬ ደግሞ ቀና ብሎ «ጥሩ ነው?» አለኝ። «መጥፎ ነው» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ መብላቱን ቀጠለ። ሦስት ቀን እናቴን አላናገርኳትም። ውኃ ስታቀብለኝ እንኳ ፊቴን አዞራለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ጥራዙን እሳት ውስጥ ከተትኩት።

የቀሩትን ሃያ ዘጠኝ ቅጂዎች ግን ማቃጠል አልችልም። ከክበቡ ልጆች ግማሹ የኛው ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው፤ መነጽሩን ያውቁታል። ሦስተኛውን ምዕራፍ ባነበቡ ቀን አባዬ አለቀለት። የቀረኝ አንድ መንገድ፣ ማንም ሰው መጽሐፉን መውሰድ እንዳይፈልግ ማድረግ ነው።

ረቡዕ አዳራሹ ጢም አለ። ቅጂዎቹ በር አጠገብ በካርቶን ተቀምጠዋል። ጋሽ ይልማ አዲስ ጋቢ ለብሶ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ሁለተኛው ምዕራፍ ረዝሟል» ብዬ ጀመርኩ። «ትልቁ ችግር ግን እሱ አይደለም። ሦስተኛው ምዕራፍ ውስጥ ያለው ሰው የለም። ማንበብ የማይችል ሰው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ ዓመታት ሰውን አታለለ ብሎ ማን ያምናል? ደራሲው ሌላ አገር ተወልደው እዚህ መጥተው የማያውቁትን ሰው ፈጠሩ። አባቶቻችንን መሃይምና አታላይ አድርገው ሣሉ።»

ጭብጨባው ጣሪያውን አናወጠው። እኔ የፈለግኩት አባቴን መሸፈን ነበር፤ ሕዝቡ የሰማው ግን ሌላ ነገር ነው። ከኋላ አንዱ «ሰደበን!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ወደ አገሩ ይሂድ!» አለ። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። የተናገርኩት ከእጄ ወጥቶ ነበር።

ጋሽ ይልማ ተነሣ። «ሰውየው የዚህች ልጅ አባት ነው» ቢል የምገባበት አልነበረኝም። አየኝ። ከዚያ ወደ ተሰበሰበው ዞሮ «ልቦለድ እኮ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሰውየው የለም ካለች፣ የለም።» ካርቶኑን አቅፎ ወጣ። አንድም ሰው አልወሰደለትም።

ቤት ስደርስ አባዬ እግሩን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ አስገብቶ ይሸምን ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ያዳንኩት መስሎኝ ነበርና ድምፄ ውስጥ ኩራት ነበረበት። መወርወሪያው ቆመ።

«እኔ ነኝ የነገርኩት» አለ በጋሞኛ።

«አንተ?» አልኩ።

«ጋቢ ስሠራለት እዚህ እየመጣ ይቀመጥ ነበር። ጻፍልኝ አልኩት። ሰው ፊት ቆሜ ልናገረው ስንት ጊዜ ሞከርኩ፣ አፌ እምቢ አለኝ። ወረቀት ላይ ካለ አንቺ እሑድ ታነቢልኛለሽ፣ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ ብዬ ነበር። አስቀድሜ ልነግርሽ ለመምህሩ ቃል ገብቼለት ነበር። እሱንም አልቻልኩም።»

«እማዬስ?»

«ታውቃለች። መጀመሪያ ያማከርኩት እሷን ነው።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሦስት ቀን ያኮረፍኳት እናቴ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። ያን ቀን የደረሰብኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ ለማንም በትክክል መግለጽ አልችልም።

በማግስቱ ማለዳ አባዬና እኔ ዳገቱን ወጥተን ጋሽ ይልማ ቤት ሄድን። አባዬ አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንድ ያደርግ ነበር። «መምህር፣ ልጄ አጠፋ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሱ አያውቅም ነበር» አለው። ጋሽ ይልማ አባዬን እጁን ይዞ አስቀመጠው። ቅጂዎቹን ሁሉ ማታውኑ ማጥፋቱን ነገረን። ርእሰ መምህሩ ረብሻ እንዳይነሣ ብሎ መክሮት ነበር።

«አንድ እንኳ አልቀረም?» አልኩ።

«አንቺ ጋ ያለው አለ» አለኝ።

እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣም።

እሑድ አባዬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ወረቀት፣ ያለ መነጽር ቆሞ በራሱ አፍ ተናገረ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ማልቀስ ጀመሩ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ግን ማታለሉን ቀላል አላደረጉትም፤ ከአገልግሎት አነሡት፤ ወደ ሽማግሌነቱም አልተመለሰም። ስሙን መጻፍና ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሮችን ማንበብ ካስተማርኩት በኋላ «ይበቃኛል» አለ። ኋላ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ሲዘምር ግን ድምፁ ፊት ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ከፍ ብሎ ይሰማ ነበር። ጋሽ ይልማ ዓመቱ ሲያልቅ ዝውውር ጠይቆ ሄደ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ምዕራብ ዓባያ ላይ አውቶቡሳችን ጎማ ፈንድቶበት ወርደን ቆመን ሳለ፣ ሙዝ የሚገዛ ፀጉሩ የነጣ ሰው አየሁ። በአንገቱ ነው ያወቅኩት፤ አሁንም መጽሐፍ ላይ እንዳቀረቀረ ሰው ጎንበስ ያለ ነበር።

«ጋሼ፣ ያ መጽሐፍ ጥሩ ነበር» አልኩት፣ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ። «ያኔ ማለት የነበረብኝ ይህን ነው። ከዚያ ወዲህ ጽፈዋል?»

«አልጻፍኩም» አለ። ሙዙን ልጦ ግማሹን ሰጠኝ። «ሁለተኛው ምዕራፍ ረዝሟል ያልሽው ግን ልክ ነበር። ያናደደኝም እሱ ነው።» ሁለታችንም ሳቅን። ሹፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ተለያየን፤ ዳግመኛ አላየሁትም።

ይህን ሁሉ ለምሕረት ስነግራት ዝናቡ ቆሞ ነበር። «ታዲያ ቅዳሜ መጥተው ይናገራሉ ወይስ ይቀራሉ?» አለችኝ።

እመጣለሁ አልኳት። ተጠራጣሪነቴ በዚህ ዕድሜ አይለቀኝም፤ ጨንቻ ላይ ሙዝ የተከለውንም ሰው አልምረውም። ግን ማንንም ባለታሪክ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ብዬ አላውቅም፣ ከዚያች ረቡዕ ወዲህ። እኔ አላገኘሁትም እላለሁ። ከዚያ በላይ ልናገር ሲያምረኝ ቆም ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፦ መጽሐፉን ነው የጠላሁት፣ ወይስ ያወቀብኝን ነገር?